ስድስቷ ቺፕ

ካርታዬን ሁለት ጊዜ የማየት ልማድ አለብኝ። ሲታደል ጠርዙን ብድግ አድርጌ አየዋለሁ። መልሼ አስተኛዋለሁ። ተራዬ ሲደርስ ደግሞ እንደገና አየዋለሁ። ያው ነው። ቅድም 9 እና 3 ከነበረ አሁንም 9 እና 3 ነው።

አንድ ቀን ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ ጠረጴዛው ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ይህን ነገሬን አይተው "ልጄ፣ እስኪለወጥ እየጠበቅክ ነው?" አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ነገሩ ግን ከውስጤ አልወጣም። እውነታቸውን ነበር። እየጠበቅኩ ነበር።

ፖከር የሚጫወት ሰው የሚያወራው ስለበላበት ዙር ነው። ካልሆነም በመጨረሻዋ ካርታ ጉድ ስለሆነበት ዙር። ስለጣለው ካርታ የሚያወራ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ምን ብሎስ ያወራል? "ሁለት ካርታ ደረሰኝ፤ አየሁት፤ ጣልኩት።" ይህ ወሬ አይሆንም። እኔ ግን እስከዛሬ የተበላሁትን ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ብዙው የሄደው መጣል ሲገባኝ ባልጣልኩት ካርታ ነው። ዕድል የወሰደብኝ ከዚያ ያንሳል። ይህን ለማመን ዓመታት ፈጅቶብኛል። ዕድልን መውቀስ ደስ ይላላ! ተነስቶ አይከራከርህም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። የምንጫወተው ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይታደላል። ከዚያ መሃል ላይ የሁሉም የሆኑ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ። መጀመሪያ ሦስት በአንዴ፤ ፍሎፕ ይባላል። ቀጥሎ አንድ፤ ተርን። በመጨረሻ አንድ፤ ሪቨር። በየመሃሉ ማስያዝ፣ የተያዘውን ከፍሎ መከተል ወይም ካርታ መጣል ይቻላል። ከሰባቱ ካርታ የተሻለ አምስት የሠራ ይበላል። ሌላው ሁሉ ከጣለ ደግሞ የቀረው ሰው ምንም ይያዝ ምን ይበላል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ዘጠኝ ሰው ነበርን። እያንዳንዳችን 200 ቺፕ፣ ማለትም በገንዘብ ፈንታ የሚቆጠር የጨዋታ ጠጠር፣ ይዘናል። ካርታ ሳይታይ ሁለት ሰዎች በተራ በግድ የሚያስቀምጡት መነሻ ብላይንድ ይባላል፤ ትንሿ ብላይንድ 1፣ ትልቋ 2 ቺፕ ናት። ያን ዙር ከሁሉም ቀድሞ የሚወስነው እኔ ነኝ። ጠርዙን ብድግ ሳደርግ ኤስ፣ ትልቋን ካርታ፣ አየሁ። ከሥሩ 7። ምልክታቸው የተለያየ ነው። ሰው ኤስ ሲያይ ዓይኑ ይበራል፤ ሁለተኛዋን ካርታ እንደ እንግዳ አጃቢ ነው የሚቆጥራት። 6 ቺፕ አስያዝኩ።

ሁሉም ተራ በተራ ጣለ። በአዳዩ ቦታ፣ ማለትም ከፍሎፕ በኋላ ሁልጊዜ መጨረሻ በሚወስነው ወንበር ላይ፣ የተቀመጡት ጋሼ ናቸው። ስድስት ቺፓቸውን ገፋ አደረጉ። ሁለቱ ብላይንዶች ጣሉ። መሃል 15 ቺፕ ሆነ።

ፍሎፑ ኤስ፣ 10፣ 4።

ደስታዬን ዋጥ አድርጌ 10 አስያዝኩ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና ተከተሉኝ። ተርኑ 2 ሆነ። 20 አስያዝኩ። አሁንም ተከተሉኝ። መሃል 75 ቺፕ ደረሰ። እዚህ ጋ ሆዴ አንድ ነገር ነገረኝ። እኚህ ሰው በባዶ ሜዳ ሁለት ጊዜ አይከተሉም። ሪቨሩ 9 ሆነ። ምንም ሳላስይዝ ቼክ ብዬ አለፍኩ። ጋሼ 50 ቺፕ ቆጥረው በሁለት ረድፍ ደረደሩ። ሲደረድሩ አይቸኩሉም። ጫፉን በጣታቸው አስተካከሉት። ከዚያ ወደ መሃል ገፉት።

"እዚህ ድረስ መጥቼማ አልጥልም" አልኩ በሆዴ። 50 ከፈልኩ። ኤስና ጃክ ገለጡ።

ሁለታችንም ጥንድ ኤስ ነው ያለን። የእሳቸው ጃክ ከእኔ 7 ይበልጣል። 86 ቺፕ ሄደ።

ያን ማታ ጥፋቴን ስፈልግ መጀመሪያ የመጣልኝ የመጨረሻዋ 50 ነች። ጓደኞቼም ያንኑ አሉ። "ሪቨሩ ላይ መጣል ነበረብህ።" በኋላ ሒሳቡን ስሠራው ግን ያቺ 50 ያን ያህል ወንጀለኛ አልሆነችም። መሃል 75፣ ከጋሼ 50፤ 125 ለማግኘት ነው 50 የከፈልኩት። ከመቶ 29 ጊዜ ያህል ብበላ ኪሳራ የለውም። ጋሼ አንዳንዴ በባዶ እጃቸው ያስፈራራሉ። ስለዚህ ያቺ ውሳኔ ብዙ ብታከራክር ነው እንጂ ጨርሶ እብደት አልነበረችም። ዋናዋ ጥፋት ማንም ያልጠቀሳት የመጀመሪያዋ 6 ቺፕ ነች።

ይህን እንዴት አወቅኩ? ኤስና 7 ከያዝኩ፣ ያላየኋቸው 50 ካርታዎች ቀርተዋል። ከእነሱ ሁለት ሁለት እያጣመርን 1225 ዓይነት አሰላለፍ እናገኛለን። ሁለት ኤስ ወይም ከ7 የሚበልጥ አጃቢ ያለው ኤስ የሚሆነው 75ቱ ነው። ለአንድ ሰው 6 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። ከኋላዬ ግን ስምንት ሰው አለ። ስምንቱን ሲደምሩት ከእኔ የተሻለ ኤስ የያዘ ቢያንስ አንድ ሰው የመኖሩ ዕድል ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። በዚያ ላይ የተሻለ ኤስ ከያዘ ሰው ጋር ከተገናኘሁ ከአራቱ አንዱን ያህል ነው የምበላው። ጥንድ የያዙትን ገና አልቆጠርኩም።

ይህንኑ ካርታ ግን በአዳዩ ቦታ ተቀምጬ ብይዘው ኖሮስ? ሁሉም ጥሎ፣ የቀሩት ሁለቱ ብላይንዶች ብቻ ቢሆኑ? ያ 40 በመቶ ወደ 12 በመቶ ይወርዳል። ደግሞም ከፍሎፕ በኋላ እነሱ ቀድመው ሲወስኑ እያየሁ ነው የምጫወተው። ካርታው ያው ነው። የተለወጠው ወንበሩ ነው። "ይህ ካርታ ይጣላል ወይስ አይጣልም?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው "የት ተቀምጠህ?" ብዬ ነው።

እውነቱን ለመናገር በጣም መጥፎ ካርታ ማንንም አያከስርም። 7 እና 2፣ ምልክታቸው የተለያየ፣ ከሁሉም የባሰ መነሻ ነው ይባላል። 2 እና 3 ቁጥራቸው ያንሳል፤ ግን ተከታታይ መሥራት ይችላሉ። 7 እና 2 ግን በጣም ስለተራራቁ አንድ ተከታታይ ውስጥ አብረው አይገቡም። ይህን ካርታ ያየ ሰው ሳያቅማማ ይጥለዋል። ምንም አይጎዳውም። የሚጎዳው መልከ መልካሙ ደካማ ነው። ኤስና 7። ኪንግና 9። ኩዊንና 8። እነዚህ ለዓይን ደስ ይላሉ፤ ተስፋ ይሰጣሉ፤ ልክ ሲሳካላቸው ደግሞ ሁለተኛ የሚወጣ እጅ ይሠራሉ። ፖከር ላይ ሁለተኛ መውጣት ከመጨረሻ ይብሳል። የመጨረሻው በጊዜ ጥሎ ሄዷል፤ ሁለተኛው እስከ ሪቨር ይከፍላል።

በዚህ ላይ ትዝታ ያሳስተናል። ዝነኛው ተጫዋች ዶይል ብራንሰን እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 የፖከር የዓለም ሻምፒዮናውን ዋና ውድድር ሲያሸንፍ የሁለቱም ዓመት የመጨረሻ ዙር የያዘው ካርታ 10 እና 2 ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሪቨሩ ላይ 10 ወርዶለት ፉል ሀውስ፣ ማለትም ሦስት አንድ ዓይነትና አንድ ጥንድ፣ ሠራ። ካርታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እኔም ይህን ከሰማሁ በኋላ 10 እና 2 በደረሰኝ ቁጥር እጄን የሚይዘኝ ነገር አለ። እሱ ግን የተጫወተው ከአንድ ሰው ጋር ፊት ለፊት በቀረበት የመጨረሻ ፍልሚያ ነው። እኔ ከስምንት ሰው ፊት ነኝ። ደግሞም እሱ ዶይል ብራንሰን ነው!

የራሳችን ትዝታም ከዚህ አይሻልም። 9 እና 3 ጥለህ ፍሎፑ 9፣ 9፣ 3 የሆነበት ቀን ዕድሜ ልክህን ይታወስሃል። 9 እና 3 ጥለህ ምንም ያልመጣባቸው ቀናት የሉም እንዴ? ሞልተዋል። ማን ያስታውሳቸዋል። ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ከያዝክ ፍሎፑ ላይ ቢያንስ ከአንዳቸው ጋር የሚጣመር ካርታ የሚመጣው ከሦስቱ አንዱን ጊዜ ነው። ሁለቱን ጊዜ ፍሎፑ አይቶህ እንዳላየ ያልፋል።

ሌላው ፈተና "አንድ ካርታ ብቻ ነው የቀረችኝ" የሚባለው ነው። ሁለት ልብ ይዘሃል። ፍሎፑ ላይ ሁለት ልብ ወጣ። አምስተኛዋ ልብ ከመጣች ፍለሽ ሆነልህ። ተርኑ ልብ ሳይሆን ቀረ። አሁን ያላየሃቸው 46 ካርታዎች አሉ፤ ከእነሱ 9ኙ ልብ ናቸው። 20 በመቶ እንኳ አይሞላም። መሃል 100 ቺፕ አለ እንበል፤ ሌላው ሰው 50 አስያዘ። 50 ከፍለህ የምትፎካከረው ለ150 ነው። ኪሳራ እንዳይኖረው 25 በመቶ ያስፈልግሃል። የለህም።

ጠረጴዛ ላይ ይህን ሁሉ ማስላት ለማይወድ አቋራጭ አለ። የሚያድኑህን ካርታዎች ቁጠር። አንድ ካርታ ብቻ ከቀረ በ2 አባዛው። ሁለት ከቀሩና በመሃል ሌላ የማትከፍል ከሆነ በ4። የሚወጣው ቁጥር ከመቶ ያለህ ዕድል ነው። ግምት ነው፤ ግን ይበቃል።

እዚህ ላይ እኔ የምወዳት ሰበብ አለች። "ከመጣችልኝ ደግሞ ሌላ አስከፍለዋለሁ።" ሰበቧ ውሸት አይደለችም፤ የሚከፍልህ ሰው ካለ ሒሳቡ ይቀየራል። ችግሩ ሦስተኛዋ ልብ መሃል ላይ ስትወርድ የምታያት አንተ ብቻ አይደለህም። ቅድም በልበ ሙሉነት ሲያስይዝ የነበረው ሰው ድንገት ጭምት ይሆናል። ለዚህች ሰበብ የከፈልኩትን ቺፕ ባጠራቅም ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሌላ ስሜት ነበር።

"እዚህ ድረስ መጥቼማ" ወደምትለው ሐሳቤ ልመለስ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። ፖከር ላይ ግን የፈሰሰው ውሃ የትም አልሄደም፤ ፊት ለፊትህ ተከምሯል። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያምታታው። መሃል ያለውን ቺፕ መቁጠር ግድ ነው፤ የምትከፍለው ውድ ይሁን ርካሽ የሚለካው በእሱ ነው። መቁጠር የሌለብህ ከእሱ ውስጥ ያንተ የነበረው ስንቱ እንደሆነ ነው። ከ75ቱ ውስጥ 36ቱ ከእኔ የወጡ ነበሩ። ሌላ ሰው ያስቀመጣቸው ቢሆኑም ሒሳቡ ያው ነበር። ለእኔ ግን ያው አልነበረም። ልጆቼ እዚያ ቀርተው እኔ ልሄድ የሆነ ያህል ነው የተሰማኝ።

ይህ የእኔ ብቻ በሽታ አይደለም። ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ጥናት አለ። የቲያትር የወቅት ትኬት ከሚገዙ ሰዎች ለአንዳንዶቹ ሳያስቡት ቅናሽ ተደረገላቸው፤ ሌሎቹ ሙሉውን ከፈሉ። በወቅቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ሙሉውን የከፈሉት ቅናሽ ካገኙት የበለጠ ቲያትር ገብተው አዩ። የሚታየው ቲያትር ያው ነው። የከፈሉት ገንዘብ እጃቸውን ይዞ እየጎተተ አስገባቸው። እኔን ደግሞ 36 ቺፕ ጎተተኝ።

ተጫዋቾች ቲልት የሚሉት ነገርም አለ። ሰው ከተበላ በኋላ ነገር ዓለሙ ዞሮበት ያገኘውን ካርታ ሁሉ ሲጫወት ማለት ነው። እኛ ከዚህ የተሻለ ቃል አለን። እልህ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ያለው ሰው ፖከር ይጫወት እንደነበር እጠረጥራለሁ። ያን ማታ ከ86ቱ ቺፕ በኋላ ኪንግና 4፣ ቀጥሎ 9 እና 6፣ ቀጥሎ ምን እንደሆነ የማላስታውሰውን ተጫወትኩ። ካርታ አልነበረም የምጫወተው። ጋሼን ነበር። እሳቸው ደግሞ ካርታቸውን እየጣሉ በዝምታ ያዩኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ሌላው ጫፍ ሮጥኩ። ለወራት የማይነቃነቅ ካርታ ካልያዝኩ እጥል ነበር። ራሴን እንደ ጨዋ ተጫዋች ቆጠርኩ። አንድ የዕድሜ እኩያዬ "አንተ እኮ ሰው ካሳለ ትጥላለህ" አለኝ። ትክክል ነበር። መሃል 100 ቺፕ ባለበት 50 የሚያስይዝ ሰው፣ እኔ ከሦስቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ከጣልኩለት ባዶ እጁን ያተርፋል። 100 ቢያስይዝ ደግሞ ከግማሽ በላይ ከጣልኩ። ጋሼ ይህን በወረቀት የሠሩት አይመስለኝም። አሸተቱት። በየዙሩ ትንሽ ትንሽ እያስያዙ እኔን እንደ በግ ይሸልቱኝ ጀመር። የሚያናድደው እያንዳንዷ መጣል ለብቻዋ ስትታይ ብልህነት ትመስል ነበር። ስትደማመር ነው ፍርሃት የሆነችው።

ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንስተርን እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተሙት የጌም ቲዎሪ፣ ማለትም የጨዋታ ስልት ሒሳብ፣ መጽሐፍ ውስጥ አቅልለው የሠሩት ፖከር አለ። በዚያ ጨዋታ ምርጡ ስልት በጠንካራ ካርታ ማስያዝ፣ አንዳንዴ ደግሞ በጣም በደካማው ማስያዝ ነው። በመካከለኛው አያስፈራሩም። ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። ለሒሳብ ሊቆቹም ቢሆን ነገሩን ያወሳሰበው ያው መካከለኛው ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ አለችኝ። የመጀመሪያዋን ቺፕ ከማስቀመጤ በፊት "የምመኘው ካርታ ቢወርድልኝ ደስ ይለኛል ወይስ እፈራለሁ?" እላለሁ። ኤስና 7 ይዤ ከፊት ከሆንኩ፣ ኤስ ወርዶ አንድ ሰው 50 ቢያስይዝብኝ እፈራለሁ። እንግዲህ ምኞቴ ተሳክቶ የምፈራ ከሆነ ምን ልሠራ እገባለሁ? እጥለዋለሁ። ጥንድ 5 ከያዝኩ ደግሞ ሦስተኛ 5 የምትወርድልኝ ከስምንት ፍሎፕ በአንዱ ያህል ነው። ከወረደች ግን ማንንም አልፈራም። ርካሽ ከሆነ እከፍላለሁ፤ ካልወረደች ሳልከራከር እሄዳለሁ። ጥያቄዋ ሒሳብን አትተካም። ቢያንስ ግን እጄ ቺፕ ላይ ሳያርፍ በፊት ትመጣለች።

መሰላቸቱስ? እሱ እስካሁን ያሸንፈኛል። ጠረጴዛ ላይ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ዙር ነው የሚታደለው። ከአምስቱ አንዱን ብትጫወት በሰዓት አራት፣ ቢበዛ ስድስት ዙር። ቀሪውን ጊዜ ተቀምጠህ ሌሎች ሲጫወቱ ታያለህ። መጥፎ ካርታ የምንጫወተው ብዙ ጊዜ ጥሩ መስሎን ሳይሆን እጃችን ስለሚበላን ነው። እኔ የጣልኩ ጊዜ ሰው ማየት ጀመርኩ። አንደኛው ጓደኛዬ ጠንካራ ካርታ ሲደርሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ሲያስፈራራ ደግሞ ወሬ ያበዛል። ይህን ለማወቅ አንድ ዓመት ሙሉ አብሬው ተጫውቼ አልቻልኩም። ጥዬ ዝም ብዬ ሳየው በሁለት ማታ አወቅኩት። እሱ ይህን እንዳያነብ ነው ጸሎቴ።

በቀደም ኪንግና ኩዊን ደረሰኝ። በአዳዩ ቦታ ነበርኩ። 6 አስያዝኩ፤ ትንሿ ብላይንድ ላይ የነበሩት ጋሼ ብቻ ተከተሉኝ። ፍሎፑ ኩዊን፣ 9፣ 4። ጋሼ ቼክ አሉ፤ 10 አስያዝኩ፤ ከፈሉ። ተርኑ 5፤ ሁለታችንም ቼክ። ሪቨሩ ኤስ ሆነ። መሃል 34 ቺፕ አለ። ጋሼ 25 ቆጠሩ። እንደ ድሮው በሁለት ረድፍ። ጫፉን በጣታቸው አስተካከሉ።

ብዙ ቆየሁ። ኪንግና ኩዊኔን አላየሁም፤ ምን እንደሆኑ አውቃለሁ። እሳቸውን አየሁ። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር የለም። በመጨረሻ ካርታዬን በሁለት ጣቴ ወደ መሃል ገፋሁት።

"ጋሼ፣ ምን ይዘው ነበር?"

"አንተ ምን መሰለህ?"

"ኤስ።"

"እንግዲህ ኤስ ነው" አሉኝ። ቀጣዩ አዳይ እሳቸው ነበሩ። ሁለቱን ካርታዎቻቸውን እንደተሸፈኑ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለው መበወዝ ጀመሩ።